ቡሬ ዳር የወደቀው ግድግዳ

ዳኘው ራሱ ባሠራው ግድግዳ ሥር ሞቶ ተገኘ። ቡሬ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሚያድሩ ነዳያን መጠለያ የሚሆነውን ቤት የነደፈውም ያሠራውም እሱ ነበር። ሲመቀኘው የኖረ ሁሉ ወዲያው ምላሱን አሾለ። «ቤቱ ሠሪውን በላ!» ተባለ። የወረዳው ገዥም ግድግዳው በራሱ የወደቀ ከሆነ ቤቱ ከሰዓት በኋላ እንዲፈርስ አዘዙ። ግንቦት እያለቀ ነው። ቤቱ ፈረሰ ማለት እነዚያ ደካሞች ዘንድሮም ክረምቱን ዝናብ ሲመታቸው ያድራሉ ማለት ነው።

እንዳለው የሚባለው የፖሊስ መቶ አለቃ ከፍኖተ ሰላም በላንድሮቨር ሲደርስ ይህን ሰምቶ ተናዷል። ሬሳ ሳይቀበር ቤት ለማፍረስ የሚጣደፍ ሰው አይወድም።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ዳኘው የተኛው በጀርባው ነው፤ ፊቱ ጭቃ ከመልበሱ በቀር ምንም አልሆነም። የተፈነከተው ማጅራቱ ነው። መቶ አለቃው ከወደቀው ግድግዳ ቆንጥሮ በጣቶቹ አሸው፤ እንደ ሊጥ ተለጠጠ። የበሩን መቃን ቢያይ ደግሞ ገመድ የፋቀው አዲስ መስመር አለበት፤ ደጁም በበቅሎ ኮቴ ተቆፍሯል።

የመራጊዎቹን አለቃ፣ አቶ ክንዱን፣ አስጠራ።

«ይህን ግድግዳ መቼ መረጋችሁት?»

«ትናንት ሲመሽ ነው ጌታየ። ጭቃውን በጭድ አቡክተን፣ አሰንብተን ነው የመረግነው። የኔ እጅ ያረፈበት አይወድቅም!»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

ክንዱ አንገቱን ደፋ። «ተጨቃጭቀናል። ለነዳይ አንድ አዳራሽ ይበቃል፣ ክፍል ለክፍል መለየቱ ምን ያደርግለታል ብየ ነበር። እሱ ግን ‹ሰው በሩን ከውስጥ ዘግቶ ካልተኛ ቤት አለኝ አይልም› አለኝ። በየበሩ ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው ሊጽፍላቸው ነበር እኮ! ይህንስ አቶ ገብረሰንበትም አልወደዱለት። ስሙ ይቅር እያሉ ሲለምኑት ሰምቻለሁ።»

ገብረሰንበት አሮጌ ቤት እየገዛ፣ እያፈረሰ፣ እንጨቱን በመሸጥ የከበረ ሰው ነው። ለዚህም ቤት ማገሩን የሰጠ እሱ ነው፤ አደጋውን አይቻለሁ ብሎ የጮኸውም እሱ።

«ኪዳን ላደርስ ስሄድ ነው» አለ። «ጎሕ ቀዷል። ድንገት ዷ አለ! አቧራው በበሩ እየተግተለተለ ወጥቶ እስከ መንገዱ ጨሰ። ዐይኔን መግለጥ አቃተኝ።»

«አቧራው?»

«አዎን፣ አቧራው! ግድግዳ ሲወድቅ አይተው አያውቁም እንዴ?»

«የእርስዎን ያህል አላየሁም» አለና መቶ አለቃው አሰናበተው።

ገብረሰንበት ሲወጣ በደጅ የተኮለኮሉትን ነዳያን አንድ በአንድ እያጽናና አለፈ። አንዲቱን ሴት ግን ዘለላት። እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። መቶ አለቃው ቀረብ አለ።

«ስምዎ ማን ይባላል እናቴ?»

«አልጣሽ።»

«የማን ልጅ?»

«ነዳይ ምን አባት አለው ጌታየ» አለችው፤ እንባዋ ግን መጣ።

ከሰዓት በኋላ የገዥው ሰዎች ዲጅኖ ይዘው መጡ። መቶ አለቃው ሁሉንም በፈረሰው ግድግዳ ፊት ሰበሰባቸው።

«ይህ ግድግዳ አልወደቀም፤ ተጎተተ» አለ። «ግድግዳው ገድሎት ቢሆን ቁስሉ ፊቱ ላይ በሆነ ነበር፤ እርጥቡ ጭቃ ግን ፊቱን አለበሰው እንጂ አልጎዳውም። የተመታው ግን ከኋላው ነው። ገዳዩ መትቶ በጀርባው አስተኛው፤ ገመድ ከግድግዳው ቋሚ አስሮ፣ በበሩ አውጥቶ፣ ውጭ ሆኖ በበቅሎ ጎተተ። ገመዱ መቃኑን ፍቆታል፤ የበቅሎዋ ኮቴ ደጁን ቆፍሮታል። ገዳዩ ውጭ ነበር፤ ሰው እንዳያየው ጎሕ ሳይቀድ ነው የጎተተው፤ በጨለማ አወዳደቁን አላየም። ስለዚህ ሲጠየቅ የለመደውን አወራ። ዕድሜውን ሙሉ ያፈረሰው አሮጌ ቤት ነው፤ አሮጌ ግድግዳ ሲወድቅ ይቦንናል። ይህ ግን ትናንት የተመረገ ነው። አቶ ገብረሰንበት፣ እርጥብ ጭቃ ምኑ ይጨሳል?»

ገብረሰንበት ሊስቅ ሞከረ። «አፌን አዳልጦኝ ይሆናል። ዳኘው ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

መቶ አለቃው የሚቀጥለውን ሥራ ጠላው፤ ግን ወደ አልጣሽ ዞረ።

«እናቴ፣ ጭንቅ ላይ እንደምጥልዎ አውቃለሁ። ምክንያቱ ካልተገኘ ግን ግድግዳው በራሱ ወደቀ ይባላል፤ እነዚህም ቤቱን ያፈርሱታል። አባትዎ ማን ነበሩ?»

አልጣሽ ዲጅኖ የያዙትን አየች። ከጎኗ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አየች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«ወልደ ሥላሴ» አለች።

ሕዝቡ ተንጫጫ። የገብረሰንበት አባት ወልደ ሥላሴ መሆናቸውን የማያውቅ የቡሬ ሰው የለም። እኅቱ አልጣሽ ግን በልጅነቷ ደምበጫ ተድራ ስለሄደች መልኳን የሚያስታውስ አልነበረም። ባሏ ሞቶባት ስትመለስ ገብረሰንበት ከደጁ አባረራት። ስሟ ከነአባቷ በበሯ ላይ የተጻፈ ዕለት ይህ ሁሉ አደባባይ ሊወጣ ነበር።

«ለምኘው ነበር!» አለ ገብረሰንበት። «ስሙ ይቅር ብየ ለምኘው ነበር! ለምን እንደሆነ ግን በምን አፌ ልንገረው?»

ዲጅኖ የያዙት ወደ መጡበት ተመለሱ። ፖሊሶቹ ገብረሰንበትን ሲወስዱት አልጣሽ ከኋላ ደረሰችበት።

«ወንድምዓለም» አለችው እያለቀሰች። «ዳኘው በኔ በር ላይ ያባታችንን ስም እንዳይጽፍ እኔም ለምኘው ነበር፤ እንዳታፍርብኝ ብየ። እሺ ብሎኝ ነበር እኮ።»