ውሃ የተከለከለው ሐረግ

ውርጩ በጠናበት ወር የአርማዜን መንግሥት የንጋት ሐረግ የመጨረሻ እንቡጡን ጣለ። እንቡጡ ሳይፈነዳ፣ እንደ ተጨበጠ፣ በንጉሥ ዘርጸዳል ዙፋን ላይ ወደቀ። ምልክቱን ለመፍታት ነቢይ አላስፈለገም፤ ሐረጉ ሞቷል። ውርጭ አልፎ አውሬው ቆፈን ከተራራው ሲነቃ፣ ከዚያ አበባ መዓዛ በቀር የሚመልሰው የለም። ቆፈን የተነፈሰበት ቡቃያ ይነጣል፤ የተነፈሰበት ሕፃን አይነሣም።

«ዘንድሮም ገደልሁት» አለች ሐዊላት፣ የሐረጉ ውሃ አጠጪ። ሹመቱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ሰባት ሐረግ ቀብራለች፤ እሷ ሦስት። በየዓመቱ ከቆላ አዲስ ይመጣል፣ በየዓመቱ በውርጭ ይሞታል። አንድ ቀን እንኳ ውሃ አጓድላ አታውቅም እኮ! ሕዝቡም ብርዱ በጠና ቁጥር ጽዋ ሙሉ ውሃ እያመጣ ሥሩ ላይ ያፈሳል፤ ጸሎቱ ይኸው ነው። ሐረጉን በብረት የነካ ደግሞ ብረቱን የያዘች እጁ ትቆረጣለች።

ሐዊላት በዙፋኑ ፊት ተንበርክካ «ሐረግ ሳልይዝ ብመለስ የእናቴ አፈር አይቀበለኝ!» ስትል ማለች። አብረዋት ወደ ቆላ የወረዱት አባ ጉልማ ናቸው፤ ሰይፋቸው ያረጀ፣ ምላሳቸው ያላረጀ ጦረኛ። አሥራ ሁለት ቀን ገደል ወረዱ። የረመጥ ወንዝ ተሻገሩ፤ ያጋጠሟቸውን ክንፋም እባቦች አባ ጉልማ እየተሳደቡ መቷቸው። ያ ሁሉ ታልፎ የተገኘውን የሐረግ ሸለቆ ግን ረመጥ ውጦታል። የተረፉት አንድ ሐረግና ጠባቂዋ እመት ሶራ ብቻ ነበሩ።

«ውሰጂው፤ ከዚህ በኋላ ግን የለኝም» አሉ እመት ሶራ። «ለመሆኑ ብርድ ሲመጣ ምን ታደርጉታላችሁ?»

ሐዊላት በኩራት ነገረቻቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ፊታቸው ጠቆረ።

«ውርጩ ምን አደረገ! በውሃ የምታንቁት እናንተ ናችሁ። የቆላ ሐረግ ሲበርደው አይጠጣም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ውርጭ ሳይገባ ከመሬት አንድ ክንድ አስቀርተሽ ቁረጪው። ከነአፈሩ በገንቦ አድርገሽ ጨለማና ደረቅ ጓዳ አስገቢው። በወር አንድ ጉንጭ ውሃ፤ ከዚያ በላይ ጠብታ እንዳትጨምሪ! የሞተ ይመስልሻል። ያን ጊዜ ነው የምትፈተኚው።»

ሐዊላት እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። እናትና ልጅ አሥሩንም ሐረግ በፍቅር ነው ያሰጠሙት።

ያመጡት ሐረግ በዚያ ዓመት አበበ፤ ቆፈንም መዓዛውን ሸትቶ ወደ ተራራው ተመለሰ። ዳግም ውርጭ ሲቃረብ ሐዊላት በንጉሡና በሕዝቡ ፊት ቢላዋ ይዛ ቆመች። ሐረጉ ገና ሙሉ አበባ ነው።

«ጃንሆይ፣ ካልተቆረጠ ይሞታል።»

«ሕግ ሕግ ነው፤ የያዘች እጅ ትቆረጣለች» አሉ ንጉሡ።

ሐዊላት ወደ ሐረጉ ተጠጋች። አባ ጉልማ ቢላዋውን ቀሟት።

«አባቴ፣ ይተዉ!»

«ዝም በይ ልጄ። አንቺ ገና ብዙ ትተክያለሽ። እኔ በዚች እጅ የቀረኝ ሥራ ማከክ ነው።»

ቆረጡ። አበባው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ረገፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአባ ጉልማ ቀኝ እጅ እንደ ሕጉ ተቆረጠች።

ጓዳው ውስጥ ጉቶው ሸበተ፤ ተሸበሸበ። ሰው ጽዋውን ይዞ በር ላይ አለቀሰ፣ ረገማት። ሐዊላትም «ሂዱ! በዚህ ደጅ ውሃ አያልፍም!» እያለች መለሰችው። በመጨረሻ አባ ጉልማ መጡ፤ በግራ እጃቸው ጽዋ ይዘዋል።

«ደርቋል እኮ ልጄ። አንዲት ጽዋ ብቻ... እጄ በከንቱ እንዳትሄድብኝ።»

ለእኚህ ሰው እንዴት እንቢ ይባላል? እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«ይልቅ እርስዎ ይጠጡት» አለች።

ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ጸሎታቸውን ጭልጥ አድርገው ጠጡት። እሷ ቁጢጥ ብላ የጉቶውን ልጥ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ብቅ አለ።

ውርጩ ሲያልፍ ሐረጉን ፀሐይ ላይ አወጡት፤ አቆጠቆጠ፣ ቅጥሩን ወጣ፣ ፈነዳ። ቆፈን ጢሙ በረዶ እያንጠባጠበ እስከ ቅጥሩ መጣ፣ አሸተተ፣ ወደ ተራራው ተመለሰ። በዚያ ዓመት አንድም ሕፃን አልጎደለም።

የመቁረጫው ቀን ዳግመኛ ሲደርስ ሕዝቡ ባዶ ጽዋውን ይዞ መጣ፤ መሬት ላይም በአፉ ደፋው። ንጉሡ ቆመው «ሕጉ ተሽሯል» አሉ።

«ጃንሆይ፣ አንድ ዓመት ዘገዩ» አሉ አባ ጉልማ። ንጉሡ አንገታቸውን ደፉ።

ሐዊላት ቢላዋውን ለአባ ጉልማ ሰጠች። በግራቸው ታግለው ቆረጡት።

«ጠመመብኝ» አሉ።

«ግድ የለም አባቴ፤ ይበቅላል» አለች፤ አላስተካከለችውም።