ከትሪው ላይ የተነሣው አንቴና

አባ ሙላው በአልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ ከንፈራቸው ለሬሳ የማይሆን ቅላት አለው። ከግርጌያቸው ሁለት እጀታ ያለው የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ከራስጌያቸው ወንበር ላይ ስካነራቸው ተቀምጧል፤ የአምቡላንሱን፣ የአውቶቡሱንና የዘበኛውን ንግግር ከአየር ላይ እየለቀመ የሚያሰማ ሬዲዮ ነው። አንቴናው በማግኔት እግሩ ከመስኮቱ የብረት መዝጊያ ላይ ተለጥፏል።

መርማሪ የምስራች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። ክፍሉ ማማድ ነው፤ ሮኬት ሲመጣ የሚሸሸጉበት፣ ግድግዳው ብረትና ሲሚንቶ፣ በሩም ብረት። በአፉላው ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ብዙ ሰው መኝታ አድርጎታል።

«አሮጊቷ ናት» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ በዕብራይስጥ። «ክፍሉን ላሙቅ ብላ ከሰል አስገባች፤ ረሳችውና ወጣች። ሽማግሌው ሬዲዮውን ሲያዳምጥ ታፍኖ ሞተ። ምን ይመረመራል?»

አሮጊቷ፣ እማማ ታንጉ፣ እዚያው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በዕብራይስጥ ስለተናገረ የማይሰሙት መስሎታል! የምስራች ደሟ ፈላ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመጣ ሕፃን ነበረች፤ በእናቷ ፊት እንዲህ ሲወራ እየሰማች ነው ያደገችው።

«ምን እንደሚመረመር አሳይሃለሁ» አለችው። «እስከዚያ መዝገቡን እንዳትዘጋ።»

ከእማማ ታንጉ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልሁት፣ ልጄ» አሏት አሮጊቷ። እንባ እንኳ አልነበራቸውም።

«ከሰሉን የት ነበር ያቀጣጠሉት?»

«በረንዳ ላይ ነዋ። ሁልጊዜም በረንዳ ላይ ነው። እጄን ሞቅ ሞቅ አድርጌ ወደ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ወጣሁ፤ ሐኪም ቀጥሮኝ ነበር።»

«ወደ ውስጥ አስገብተውታል?»

«አላስታውስም። ግን አስገብተሻል አሉኝ። ልጄ ኦሸሪትም፣ እማ ረስተሽው ይሆናል አለችኝ። ሁሉም ካለ እንግዲህ ምን እላለሁ?»

«ሲወጡ አባ ሙላው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ተኝቷል። ሌሊቱን በሬዲዮው ያነጋና እስከ ቀትር ይተኛል።»

«ሲረናው ሲጮኽ የዚህን ክፍል በር ማን ነው የሚዘጋው?»

«እሱ ነዋ! ያ ብረት የሰው በር ነው? እኔ አንድ ቀንም ዘግቼው አላውቅ።»

«ዛሬ ሲመለሱስ?»

«ጥርቅም ብሎ ነበር። ጎረቤቴን ዳቪድን ጠርቼ ነው ያስከፈትሁት።»

የምስራች ተነሥታ ሳሎኑን ዞረች። በምዕራብ በኩል ካለው መስኮት ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ የብረት ትሪ አለ። ትሪው ቀጭን አቧራ ለብሷል፤ መካከሉ ላይ ግን የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ንጹሕ ክብ አለ። ከመስኮቱ ወደ ታች ሜዳው ላይ የአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ጣራዎች ይታያሉ።

የኦሸሪት ባል ያሮን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከአጥሩ ውጭ ሞቶ የተገኘበት መጋዘን የጥበቃ አለቃ ነው፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም።

«ከሚሽመሬት፣ ከተረኛነቴ፣ ስወጣ ዳቦ ላደርስለት ጎራ አልሁ» አላት። «ነቅቶ ነበር። ትንሽ ተጫወትን። በረደኝ አለና ሬዲዮውን ይዞ ማማዱ ገባ፤ በሩንም ራሱ ዘጋ። ምድጃው ቀድሞም እዚያ ነበር፤ እማማ ናት ያስገባችው። በኋላ፣ 'በሴደር፣ ደህና ነው' ብዬ ሄድሁ።»

«ደህና መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ሬዲዮው ሲለፈልፍ በበሩ ይሰማኛላ! የአምቡላንስ ሰዎች ናቸው፣ ማውራት አያቆሙም።»

«ቤታቸው ቶሎ ቶሎ ትመጣለህ?»

«ሥራ አለብኝ። ከበዓሉ ወዲህ ዛሬ ገና ነው።»

ዳቪድ ደረጃው ላይ ሲጋራ ሲያጨስ አገኘችው። የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ገና ሳትጠይቀው ተቆጣ።

«አዎ፣ ከበዓሉ በኋላ ከጣራው ላይ አንቴናውን የነቀልሁት እኔ ነኝ! ጣራው የሁላችንም ነው። ለዚያ ሰው ይገደላል?»

«ተገደሉ ያለ ማን ነው?» አለችው። «ከተነቀለ በኋላ ምን አደረጉ?»

«ቤት ውስጥ የሚሆን አንቴና ፍለጋ አሳበደኝ። ጫጫታው ሲያስመርረኝ፣ ማማድህ ውስጥ ዘግተህ አዳምጥ አልሁት። እጄን ጎትቶ አስገባኝና በሩን ዘጋ። ሬዲዮው ጸጥ! 'አየህ? መቃብር ነው፤ ብረቱ አያሳልፍም' ብሎ ሳቀብኝ። ለሚስቱም ለወዳጁም እንዲሁ እያስገባ አሳይቷል።»

ወዳጃቸው አባ ሞርዴካይ ከሕንጻው በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስለ አንቴናው ሲጠየቁ ፊታቸው ትንሽ በራ።

«መጀመሪያ ከሬዲዮው ጋር የመጣውን፣ እየተሳበ የሚረዝመውን ሞከርን፤ ከቅርብ በቀር አይሰማም። የቴሌቪዥኑን ባለ ሁለት ቀንድም ሞከርን፤ እሱ ለዚህ አልተሠራም። በመጨረሻ የመኪናውን፣ ማግኔት ያለውን ገዛ። ሥሩ ሰፊ ብረት ይፈልጋል ብሎ ትሪ ላይ አቆመው፤ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ መስኮት ዳር መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።»

«በቅርቡ ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አርብ ሽማግሌ ሆነህ ተቀመጥልኝ ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከቤቱ ሰው ጋር ነገር አለው። በሬዲዮ የሰማው ክፉ ነገር ነው። ስሙን አልነገረኝም። 'ራሱ መጥቶ እንዲናዘዝ እስከ አርብ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ለሚሽታራ፣ ለፖሊስ፣ መስጠት ነውር ነው' አለኝ።»

«ይህን ለምን ለፖሊሱ አልነገሩትም?»

«የሽማግሌ ነገር ከሽማግሌ አይወጣም፣ ልጄ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት አፏ ላይ መጣ፤ በአባቷ ዕድሜ ናቸውና ዋጠችው። ግን እንደ እሾህ ነው የወረደላት። ነውር! በዚህ ቤት ውስጥ ነውር ያልሆነው አንዲትን አሮጊት ባሏን ገድለሻል ማለት ብቻ ነው።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ፖሊሱንም ጭምር። ከደጅ በኩል ስልክ ስትደውል ቆይታ ነበር። ስካነሩን ከማማዱ አምጥታ አንቴናውን ትሪው ላይ፣ ንጹሑ ክብ ላይ አቆመችው። ልክ ገጠመ። ሬዲዮውን ስትከፍተው ወዲያው ተናገረ፤ «በር ሁለት፣ በር ሁለት፣ የጭነት መኪናው ገባ።»

ኦሸሪት ቀና አለች። «ያሮን፣ ይህ የእናንተ ማህሳን፣ የመጋዘናችሁ በር፣ አይደለም?»

ያሮን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የምስራች ሬዲዮውንና አንቴናውን እንደ ተከፈቱ ተሸክማ ወደ ማማዱ ወሰደች፤ አንቴናውን ቀድሞ ወደ ተገኘበት የብረት መዝጊያ መለሰች። ሁሉም ተከትለዋት ገቡ። በሩን ስትዘጋው ሬዲዮው ጭጭ አለ። እስኪያልባቸው አቆመቻቸው፤ አንዲት ቃል አልወጣም።

«አባ ሙላው እዚህ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ አላዳመጡም» አለች በሩን ከፍታ። «ይህን እማማ ታንጉ ያውቃሉ። ዳቪድ ያውቃል፣ አባ ሞርዴካይም ያውቃሉ፤ ሦስቱንም እዚህ አስገብተው አሳይተዋቸዋል። አንቴናውን ከትሪው አንሥቶ እዚህ የለጠፈው፣ ይህን ያላየ ሰው ነው። ነቅተው፣ በሩን ራሳቸው ዘግተው ሲያዳምጡ የሞቱ እንዲመስል። ምድጃው ብቻ ቢገኝ ኖሮ ምናልባት ይበቃው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሬዲዮውን ጨመረበት።»

«በሩስ?» አለ ፖሊሱ። ድምፁ ቀንሷል።

«እማማ ታንጉ ይህን በር ዘግተው አያውቁም፤ አቅሙም የላቸውም። ባላቸው ደግሞ ተኝተዋል። ሌላ ሰው ምድጃውን ከበረንዳ አስገብቶ ዘጋው። ያሮን፣ ሬዲዮው በበሩ ውስጥ ሲለፈልፍ ሰማሁ አልኸኝ። ምን ነበር የሰማኸው?»

«ሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮ! አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም!»

«ባለፈው ሳምንት ኤልዳድ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ከመጋዘናችሁ አጥር ውጭ ሞቶ ተገኘ፤ መኪና ገጭቶት ነው ተባለ። የበር ሁለቱን ዘበኛ ቅድም በስልክ አነጋግሬዋለሁ። ልጁ የወደቀው ውስጥ፣ ከዕቃ መደርደሪያ ላይ ነው። በሕይወት ነበር። አምቡላንስ እንዳይጠራ፣ ጎትተው ከአጥር እንዲያወጡት በሬዲዮ ያዘዝኸው አንተ ነህ። አማችህ በዚህ መስኮት ሬዲዮ ሲያዳምጡ ድምፅህን ለዩት። ለእኛ መደወል ሲገባቸው እስከ አርብ ጊዜ ሰጡህ፤ ቤተሰብ ነህና። አንተም ጊዜውን ተጠቀምህበት።»

«እኔ እጄን አላሳረፍሁበትም!» ጮኸ ያሮን። «ተኝቶ ነበር፣ ምንም አልተሰማውም…»

ፖሊሱ ወደ ያሮን አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ቅድም ነቅተው ነበር ያልኸኝ» አለች የምስራች። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ካቴናውን አውጣ። ለእማማ ብለህ ያመጣኸውን።»

ያሮንን ይዘውት ሲወጡ አባ ሞርዴካይ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የምስራች እማማ ታንጉ ፊት ተንበረከከች። «እጅዎ ንጹሕ ነው፣ እማማ። ከሰሉን በረንዳ ላይ ነበር የተዉት።»

አሮጊቷ እጃቸውን እንደ ባዕድ ዕቃ ገልብጠው አዩት። ኦሸሪት መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እማ፣ ይቅር በይኝ። ባሌ እንዲህ ያደርጋል ብዬ…»

«ባልሽን ተይው።» እማማ ታንጉ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠነከረ። «እሱ የራሱን አገኘ። ፖሊሱም አያውቀኝም። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ከሰል ሳነድ አይተሻል። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሳስገባ አይተሽኛል?»

«አላየሁም፣ እማ።»

«እንግዲያስ ለምን አመንሻቸው?»

ኦሸሪት ከእናቷ ጉልበት ላይ ቀና አላለችም። እማማ ታንጉ አላቀፏትም፣ አልገፏትምም፤ መልሷን ይጠብቃሉ።