ሳንባው እምቢ ያለ ዕለት

ሳንባው ሲያስል የትሪየስቴ ከተማ መስኮት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ዓሣ ሻጩም፣ የትራም ነጂውም፣ በረንዳዋ ላይ ልብስ የምታሰጣዋም ሴትዮ ቀና ሳይሉ «ይማርህ!» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለምደውታል። ቤት የሚያህል ሳንባ በመስታወት አዳራሽ ውስጥ ሲተነፍስ እያዩ አድገው እንዴት አይለምዱ?

የጋራ ሳንባ ይሉታል። ጫካው ተቃጥሎ አመዱ የሰዉን ደረት ከያዘ ወዲህ፣ የአውሮፓ አገሮች ከየሕዝባቸው ሥጋ ቅንጣት ቅንጣት ሰጥተው ያበቀሉት ነው፤ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት እሱ ላይ ይሞከራል። ለአንድ አገር የሚቻል ነገር አልነበረማ! ታዲያ ለማቀድ ሲቀመጡ፣ የማን ከተማ ላይ ይሁን፣ ማን ምን ያህል ያዋጣ፣ ማን ቀድሞ ይሞክርበት ሲባባሉ ስንቱ ታማሚ አለቀ። በመጨረሻ የተስማሙት እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለውት ነው። ለእያንዳንዱ አገር የራሱ መደብ፣ ለእያንዳንዱ መደብ የራሱ ቀለምና የራሱ የምግብ ቧንቧ። ያላዋጣ አገር ቧንቧው በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ለታረደ በሬ ደንቡ ደግ ነው። እየተነፈሰ ያለ ነገር እንዴት በቅርጫ ይከፈላል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ሁሉም የተማረ ነበራ!

ማስረሻ የዚህ ሳንባ መጋቢ ናት። ጠዋት ጠዋት ቧንቧዎቹን ትከፍታለች፣ መልኩን ታያለች፣ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ትብለጥ ደግሞ ከአዳራሹ በላይ ካለው የሕሙማን ክፍል ተኝታለች፤ አመዱ ደረቷን ይዞታል። ደረቷን እንጂ ምላሷን አልያዘውም።

«ባልሽ ዛሬ አሳለ እኮ። ምን አብልተሽው ነው?»

«እትዬ፣ ተይ እስቲ። ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

«ለምኑ? ለሠርግሽ? ሰው ደልዳላ ወንድ ያገባል፣ የኔ እህት ሳንባ አገባች። ያውም የማንም ድርሻ ያለበት!»

ትስቃለች፤ ሳቁ ወደ ሳል ይዞራል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ያኔ ማስረሻ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። የትብለጥ መድኃኒት በሳንባው አረንጓዴ መደብ ላይ እየተሞከረ ነበር። እዚያ ካለፈ ተራው የእሷ ነው፤ እስከዚያ ከቆየች።

እንዲህ እያሉ ሳሉ አንዲት ትንሽ አገር፣ ስሟን ምን አስጠራን፣ መንግሥቷ ተለወጠ። አዲሶቹ «ሳንባ ለኛ ምናችን ነው?» ብለው መዋጮውን ተዉት። የቢጫው መደብ ቧንቧ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ማስረሻ መደቡ እስኪጠቁር ጠበቀች። አልጠቆረም። ሰንበትበት ብላ አየችው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቷል። «ይሄ ነገር ከየት እየበላ ነው?» ብላ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ መብራት ይዛ ወደ ሳንባው ውስጥ ገባች።

ያየችው አስደነገጣት። በመደቦቹ ወሰን ላይ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች በቅለው ተሻግረዋል። አረንጓዴው ከራሱ ቀንሶ ቢጫውን ያጎርሳል። ሰማያዊውም ያጎርሳል። ማንም ያዘዛቸው የለም።

ሮጣ ለሥራ አስኪያጇ ለኦታቪያ ነገረቻት። ኦታቪያ ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ማንም እንዳይሰማ!» አለች። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ! ቆጣሪው፣ ማለት የትኛው መደብ ምን ያህል እንደበላ የሚመዘግበው አሳቢ መሣሪያ፣ ቀድሞ ለየአገሩ አሳብቆ ነበር።

ሳንባውን የሚያስተዳድሩት የየአገሩ ወኪሎች፣ ጉባኤተኞቹ፣ መጡ። ከሁሉ ፊት ሄንሪክ፣ የአረንጓዴው መደብ አገር ወኪል፣ ከቁመቱ የተነሣ በበር ጎንበስ ብሎ የሚገባ።

«የኛ ሰዎች የራሳቸውን መደብ ሊመግቡ እንጂ ጎረቤት ሊቀልቡ አልተስማሙም» አለ። «ዛሬ ዝም ካልን ነገ ማን ያዋጣል? ሁሉም በጎረቤቱ ደረት ልተንፍስ አይልም?»

ውሸት ቢሆን ጥሩ ነበር። እውነትነት ያለው መሆኑ ነው ክፋቱ።

የቢጫዋ አገር ወኪል ሚላ አንገቷን ደፍታ «አገሬ አልለመነችም» አለች።

«መደብሽ ለመነ።»

«ጌታው፣ ሥጋ እኮ ነው» አለች ማስረሻ ሳታስበው። «ደንባችሁን የት አንብቦ?»

ሄንሪክ ዞሮ አያት። «እንግዲያው አንቺ ታነቢለታለሽ። ወሰኑን በብርሃን ቢላ ትቆርጫለሽ፣ መስታወት ይገባበታል። አለዚያ ዛሬውኑ ሁላችንም ቧንቧችንን እንዘጋለን። ሙከራውም ያበቃል።»

ሙከራው ያበቃል! ማስረሻ የእህቷ የጠቆረ ከንፈር ድቅን አለባት። በሰሎሞን ችሎት እንኳ ከሁለቱ እናቶች አንዷ «አትቁረጡት» ብላ ጮኻለች። እዚህ አዳራሽ ሙሉ «የኔ ነው» ባይ ተቀምጦ አንድም የጮኸ የለም። ማስረሻም አልጮኸችም።

ቆረጠች።

ቢጫው መደብ ዓይናቸው እያየ አመድ መሰለ። ኦታቪያ «በቃ፣ አለቀ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ የአረንጓዴው ቧንቧ ተንገጫገጨ። የላኩለትን ምግብ መልሶ ተፋው፣ እንደ ተቆጣ ልጅ። ሰማያዊው ተፋ። ቀዩ ተፋ። ከዚያ ሳንባው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበና ያዘው።

መስኮቱ ሁሉ ጸጥ አለ። በከተማው ውስጥ ያቺ ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«የቢጫውን እንክፈትለት!» አለች ኦታቪያ።

«በማን መዋጮ?» አለ አንዱ ጉባኤተኛ።

«ድምፅ ይሰጥበት እንጂ!»

«እኔ እኮ አገሬን ሳልጠይቅ...»

ማስረሻ ሮጣ ቧንቧውን ያዘች። የታገደ ቧንቧ የሚከፈተው በጉባኤተኛ መዳፍ ብቻ ነው፤ የእሷን እጅ አላውቅህም አለው። ሚላም ሞከረች፤ አገሯ አላዋጣችምና የእሷንም አላወቀው። አረንጓዴው መደብ ከጫፉ መጥቆር ጀመረ። ጉባኤተኛው ሁሉ ሳይታወቀው የራሱን ትንፋሽ ይዞ ቆሟል።

«ቆጣሪውን አጥፉት» አለ ሄንሪክ በቀጭን ድምፅ።

ኦታቪያ አጠፋችው። ሄንሪክ ያን ረጅም ክንዱን ዘርግቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ መዳፉን ጫነ። ምግቡ ወደ ቢጫው ወረደ። ሳንባው ቆየት አለ፤ እርግጠኛ መሆን የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ እህህህ ብሎ ተነፈሰ፣ አዳራሹ በጉም ተሸፈነ።

ቆጣሪው ሲበራ ወዲያው ጠየቀ። «ለቢጫው መደብ የገባው በምን ስም ይመዝገብ?»

«ምሕረት የሚል የለውም?» አለች ሚላ እንባዋን እየጠረገች።

«የለውም» አለች ኦታቪያ።

«ጥገና በሉት» አለ ሄንሪክ ኮቱን እየለበሰ። ጥገና ተባለ፤ የቢጫውም ቧንቧ እገዳው ተነሣለት። እስከ ዛሬም ጥገና ነው የሚባለው።

ማስረሻ ወደ እህቷ ወጣች። ትብለጥ ትራሷን ተደግፋ ጠበቀቻት።

«ዝም ሲል ፈራሁ። ተጣላችሁ እንዴ?»

ማስረሻ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ትብለጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

«እኔን ብለሽ ነው የቆረጥሽው?»

«ታዲያ ማንን ልል ኖሯል፣ እትዬ?»

«አንቺ እኔን ብለሽ ከጎረቤቱ ቆረጥሽው። እሱ ጎረቤቱን ብሎ እህል እምቢ አለ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እንግዲህ ያ መድኃኒት ሲመጣልኝ ከማንኛችሁ እጅ ተቀበልኩ ልበል?»

ከታች ሳንባው አሳለ። ትብለጥ «ይማርህ» አለች። ከመንገድም «ይማርህ» የሚሉ ተሰሙ። ማስረሻ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም።

በማግስቱ ልትመግበው ስትገባ፣ ሳንባው ኮቴዋን ሲሰማ ትንፋሹን ያዘ። ቆመች። እሱም ጠበቃት። የተነፈሰው ቀድማ የቢጫውን ቧንቧ ከከፈተች በኋላ ነው።