ሦስት ጣት የማይገባበት አፍ

ባንቺአየሁ በወር አንድ እሑድ ምሳ ሠርታ ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን ትነዳለች። የሟች ባሏን የአያሌውን ታናሽ ወንድም ያሬድን ሳታየው አትቀርም። ያሬድ እዚያው አል አይን፣ አል ሙዋይጂ በሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቶ በመካኒክነት ይሠራል፤ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ዓመት ተኩሉ ነው።

የዚያን እሑድ ቀይ ወጡን አቅርባ አጎረሰችው። አፉን በግድ ከፍቶ ግማሹን ተቀበለ፤ ግማሹ ትሪው ላይ ወደቀ።

«አሳንሺው እትዬ ባንቺ፤ የልጅ ጉርሻ አድርጊልኝ» አለና ሳቀ። በርበሬውም እያቃጠለው ተቸግሮ ነበር። ሲስቅ ጥርሱ እንደ ዛገ ብረት ቀልቶ ታየ።

ስለ ፓኑ ስትነግረው ይህ አራተኛዋ ነው። ፓን ኖራ በተቀባ ቅጠል ጠንካራ ፍሬ፣ አንዳንዴም ትምባሆ ተጠቅልሎ ጉንጭ ውስጥ የሚወተፍ ነገር ነው። ያሬድ ከጋራዥ ጓደኞቹ ለምዶት፣ ተደብቆ ከሚሸጥበት እየገዛ ቀኑን ሙሉ ያኝካል። ድካም ያስረሳል ይላል፤ ጫት እዚህ አገር ያሳስራል፣ ይህ ግን ቅጠል ብቻ ነው ይላል፤ አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ከልጅነቱ ጀምሮ እያኘከ ከእሱ ይበልጥ ጠንካራ ነው ይላል። ለሁሉም መልስ አለው። ምክሯ ጭንጫ ላይ እንደተዘራ እህል ይቀራል።

«ካንሰር ያመጣል ብዬሃለሁ።»

«የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ካንሰር ያደርገዋል። ለመሆኑ ወንድም ጋሼ ምን አኝኮ ሞተ? ሲጋራ እንኳ አያውቅም። ልቡ ነው የገደለው። ቀን ከደረሰ ያው ነው።»

ይህን ውሸት ያቀበለችው ራሷ ባንቺአየሁ ናት። አያሌው ሲታመም የቤተሰቡ ሽማግሌዎች የዚያ በሽታ ስም ለእናቱ አይነገርም፣ በዘር ነው ይባልብናል ብለው መከሩ። እሷም፣ ተማርኩ ባይዋ፣ እሺ አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ልብ ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምታዋን ለባሏ ክብር ቆጥራው ኖረች። አሁን በማን እንደተናደደች ለራሷም አልለይ አላት።

«አያሌው በልቡ አልሞተም» አለች ቀስ ብላ። «በአፍ ካንሰር ነው። የሠራተኛ ካምፕ ሲኖር የለመደውን ፓን እንዳንተ ያኝክ ነበር። መጀመሪያ በርበሬ ተወ። ቀጥሎ ጉርሻ አሳንሺልኝ አለኝ። በመጨረሻ በማንኪያም…»

ያሬድ ማላመጡን አቆመ።

«ሦስት ጣትህን አንዱን በሌላው ላይ ደርድረህ በላይና በታች ጥርስህ መካከል አስገባ። ጤነኛ አፍ ሦስት ይቀበላል።»

ሊቀልድ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ሁለቱ በጭንቅ ገቡ። ሦስተኛው ጥርሱ ላይ ቆመ።

እዚያው አል አይን አድራ በማግስቱ ከሥራዋ አስፈቅዳ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ ጉንጩ ውስጥ ነጭ ምልክት አግኝታ ናሙና ወሰደች። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ ውጤቱን አብረው ሲሰሙ ካንሰር አልነበረም፤ ወደዚያ ሊለወጥ የሚችል ቁስል ነበር። ፍሬው ያለ ትምባሆም እንደሚጎዳ፣ የደረቀው ጉንጭ እንደ ድሮው እንደማይለሰልስ፣ ዛሬውኑ ትቶ በየጊዜው መታየት እንዳለበት ሐኪሟ ነገረችው። ያሬድ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ጥቅል ክሊኒኩ ደጃፍ ካለው ቅርጫት ጣለው።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

በቁጣ አልጠየቃትም። ለዚህ ነው የከበዳት።

ይህን የምታነቡ፣ ፓን የምታኝኩ ካላችሁ ተዉ። አፋችሁ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሰነበተ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካለ ለሐኪም አሳዩ። እኛ ሐዘንተኞች ደግሞ የሟቻችንን በሽታ ስም አንቅበር፤ የተቀበረው ስም የቆመውን ሰው ያስከትላል።

የዚያኑ ዕለት ባንቺአየሁ ወደ አቡ ዳቢ ከመመለሷ በፊት መኪናዋ ውስጥ ሆና ለባሏ እናት ደወለች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ።

«እማማ እማዋይሽ» አለች ከዚያ፣ «እስኪ ቁጭ ይበሉ። ስለ አያሌው ሕመም ያልነገርኩዎት ነገር አለ።»