በመግቢያው መንገድ ላይ የወደቀው መሐንዲስ

መሐንዲሱ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ራሱ ባስተከላቸው ችካሎች መካከል ነው። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ወደ ፈጣን መንገዱ የሚያስገባው መስመር በዚህ ሰፈር በኩል እንዲያልፍ ያደረገው እሱ ስለነበር፣ ሞቱን ሰምቶ እንባ ያወጣ ነዋሪ አልተገኘም። እንዲያውም አንዳንዱ «እሰይ!» ብሏል፤ ያውም ጮክ ብሎ።

ፖሊስም ብዙ አልደከመም። ባለጋራዡን ከቤቱ አውጥቶ ካቴና አጠለቀለት። ሰውዬው ጋራዡ ይፍረስ ከተባለ ወዲህ ችካል ሲነቅል ደጋግሞ ተይዟል፤ መሐንዲሱንም በስብሰባ ላይ በአደባባይ ረግሞታል። ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ግን ተዘጋጅቶ የቀረበላት ወንጀለኛ አይጥማትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የገባችበትን ሳትወጋ አትወጣምና።

«ጋሼ፣ ገድለውታል?» አለችው እስር ቤት ገብታ።

«ብገድለውማ ደስ ባለኝ። ቀደሙኝ እንጂ!»

«ለፖሊስም እንዲህ ነው ያሉት?»

«ታዲያ ልዋሽ? ሞቶም አልበረደልኝም። እጄ ግን የለበትም፣ ልጄ።»

«ከተፈረደብዎ ዕድሜ ልክ ነው።»

ሽማግሌው ድምፁ ሰለል ብሎ፣ «ልጆቼ ከዚያ ጋራዥ ሌላ የሚበሉበት የላቸውም» አላት።

ቀጥላ የሄደችው ሰፈሩን የምትወክለው የምክር ቤት አባል ዘንድ ነው። ሴትዮዋ ቢሮዋ በራሷ ሕንፃ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የችካሉ መስመር ወለል ብሎ ይታያል። ከሩቅ ቀጥ ብሎ ይመጣና ሕንፃዋ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ታጥፎም ደሳሳዎቹ ቤቶች መሃል ይገባል።

«ለምን ታጠፈ?» አለች መርፌ።

«የባለሙያ ጉዳይ ነው። እኔ ችካል ከችካል አልለይም።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተከራክረናል። መከራከር መግደል ነው እንዴ? ይልቅ ነዋሪው ማጋነን ይወዳል። የመንገዱን ቀያሽ እይው፤ የገዛ እናቱ ቤት ሲፈርስ ትንፍሽ አላለም። ችካሉን የተከለው ራሱ ነው! ምስኪን፣ እሷም ብዙ ሳትቆይ አረፈች። ሠራተኛ ማለት እሱ ነው።»

መርፌ አመስግና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ግን በንዴት ጨሳለች።

ሬሳው የተገኘበት ቦታ ስትደርስ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ሬሳው ከመነሳቱ በቀር ማንም ምንም እንዳልነካ ማለላት። የደሙ ምልክት አጠገብ አንድ ችካል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነቀለችው። ላዩ ንጹሕ ነው፤ አፈር ውስጥ የነበረው ሹል ጫፉ ላይ ግን ደም ደርቆበታል። በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችውና በቦታው ሌላ ችካል ሆን ብላ አዘንብላ ተከለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው አስጠራቻቸው። ባለጋራዡ በካቴናው መጣ፤ ችካሉን ሲያይ ምራቁን ተፋበት። የምክር ቤት አባሏ ቀሚሷን ሰብስባ አለፈችው። ቀያሹ ግን ሰላምታ እየሰጠ ሳለ ጎንበስ አለና ችካሉን በመዳፉ ገፋ አድርጎ አቃናው፤ አንድ ዓይኑንም ጨፍኖ ከፊተኛውና ከኋለኛው ጋር አስተያየው።

«አመሰግናለሁ» አለች መርፌ፣ ጨርቁን እየፈታች። «መሐንዲሱ ሲወድቅ ይህኛውን ችካል ነቅሎት ነበር። ደሙ ወደ መሬት ሰርጎ ቢሆን ላዩንም በነካው ነበር። የነካው ግን ጫፉን ብቻ ነው። ስለዚህ ከግድያው በኋላ መልሶ የተከለው ሰው አለ። ጋሼ ይተክሉታል? እሳቸው የቆመውን ነቃይ ናቸው! እመቤትስ? የት እንደሚተከል አያውቁም፤ ይህ ደግሞ ከመስመሩ ስንዝር አልወጣም ነበር። ገዳዩ እጁ ላይ ደም እያለ እንኳ የተነቀለ ችካል አይቶ ማለፍ ያቃተው ሰው ነው። አሁንም አቃተው።»

የቀያሹ እጅ ገና ችካሉ ላይ ነበር። አላነሳውም።

«በእናቴ መኝታ ቤት መሃል ነው ችካል ያስተከለኝ» አለ። «ስንት ደጅ ጠናሁ! ‹መስመሩን ወደ ድሮው መልሰው› ብዬ እዚሁ ለመንኩት። ‹እናትህ እንደሆነች ሞታለች፣ አንተ ምን ቀረብህ?› አለኝ። ድንጋዩን ያነሳሁት ያኔ ነው። አልጸጸትም።»

ባለጋራዡ የታሰሩ እጆቹን አነሳ። «እኔስ? ዝም ብለህ ልታስፈርድብኝ ነበር?»

ቀያሹ አንገቱን ደፋ።

«በቃ፣ ተገኘ» አለች የምክር ቤት አባሏ፣ እፎይ ብላ ለመሄድ እየዞረች። «ሥራው ነገ ይቀጥላል።»

«የት ይሄዳሉ?» አለ ቀያሹ ቀና ብሎ። «የመጀመሪያውን ቅየሳ የሠራሁት እኔ ነኝ። መስመሩ በእርስዎ ሕንፃ ላይ ነበር የሚያልፈው። ማን እንዳስጠመዘዘውም አውቃለሁ። አመልካች ሳለሁ ሰሚ አጣሁ፤ ተከሳሽ ስሆን ግን ዳኛው ሳይወድ በግዱ ይሰማኛል። ብቻዬን የምገባ መስሎዎታል?»

ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

መርፌ ካቴናውን ከባለጋራዡ እጅ ፈታ ለቀያሹ አጠለቀች። ሽማግሌው አንጓውን እያሻሸ ጥቂት መንገድ ሄደና ዞር አለ።

«ችሎት ስትቆም መጥቼ ስለ መስመሩ እመሰክርልሃለሁ» አለው። «ይቅርታ ግን ከእኔ አትጠብቅ።»