ያልወጣው ቢጫ ጭስ

ሽማግሌው ክሌም ቨርኮ በገዛ ጀልባው የበረዶ ክፍል ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ከጢሙ እስከ ጥፍሩ ቢጫ ሆኖ ነበር። ዓሣው ቢጫ፣ በረዶው ቢጫ፣ ግድግዳው ቢጫ። እግሩ ሥር አንድ ባልዲ ውኃ ነበረ፤ ባልዲው ውስጥ ደግሞ ክንድ የሚያህል የተቃጠለ ቆርቆሮ ቆሟል። በኬስትረል ቤይ ወደብ ያን ቆርቆሮ የማያውቅ የለም። ሰርጓጅ መርከብ ከባሕር ሥር ሊወጣ ሲል አስቀድሞ የሚለቀው የጭስ ሻማ ነው። ሻማው ወደ ላይ ተንሳፍፎ ቢጫ ጭስ ይተፋል፤ በአካባቢው ያለ ጀልባም ጭሱን አይቶ ዘወር ይላል።

ሳጅን ማቪስ ትሬንት አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ገባች። በረዶው በመቅለጡ ዓሣው መሽተት ጀምሯል። ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነከረችና ላሰችው።

ከበሩ ውጭ የቆመው የጀልባው ሠራተኛ ዴንዚል ፊቱን አዞረ። «ምን ነካሽ ሳጅን? እኔ እንኳ አላደርገውም!»

«ጨው ነው» አለች ምራቋን እየተፋች። «ከበረዶ የቀለጠ ቢሆን ጨው አይኖረውም። ጠዋት ስትመጣ በሩ እንዴት ነበር?»

«ገርበብ ብሎ ነበር። ሽማግሌው በመረብ ያወጣውን ሻማ እዚህ አስቀምጦት ነበር፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይሻላል ብሎ። በራሱ ጊዜ ፈንድቶበታል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ይበል። አንተ ከሱ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ?»

«ማን ያልተጣላው አለ? ክሌም ከባሕር ወፍ ጋር እንኳ ይጣላ ነበር።» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ማቪስ ከበሩ ውጭ ተንበርክካ ወለሉን በእጇ ዳሰሰች። የበሩ የውስጥ ገጽ እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ከደፉ ወዲህ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ የለም። ጭሱ ሲወጣ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። መቀርቀሪያው ደግሞ ያለው በውጭ በኩል ነው። አንድ ሰው ሽማግሌውን ቀርቅሮበታል፤ ጭሱ ከረጋ በኋላ ደግሞ ከፍቶለታል።

የክሌምን ልጅ ኖሪንን ወደቡ ላይ ባለው የዓሣ መጋዘን ውስጥ እየሠራች አገኘቻት። አባቷ በሞተ ማግስት ቢላዋ ይዛ ዓሣ ትዘረግፋለች።

«ቤት ብቀመጥ አብዳለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ከጥቂት ወራት በፊት ባሌን፣ ትናንት አባቴን። ቀጥሎ ማንን ይፈልጋሉ?»

የባሏን ነገር ወደቡ ሁሉ ያውቀዋል። ሰርጓጁ ከሥር ብቅ ሲል የሮስን ጀልባ ገልብጧት ሮስና አብሮት የነበረው ልጅ ሰጠሙ። ባሕር ኃይሉ ጭስ ለቅቀናል አለ። ሮስ ሰክሮ ተኝቶ ነበር እንጂ ይሸሽ ነበር የሚል ወሬም ተከተለ። አጣሪ ጉባኤው በመጪው ሳምንት ይቀመጣል።

«የልጁ እናት መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች» አለች ኖሪን። «‹ባልሽ ልጄን ገደለው› ማለቷ ነው። አባቴ ግን ከትናንት ወዲያ እየሳቀ መጣ። ‹አገኘሁት፤ የሮስ ስም ይነጻል› አለኝ። ምኑን እንዳገኘ አልነገረኝም። ‹መጀመሪያ ለነሱ ፊት ለፊት ልንገራቸው፣ ከኋላ መውጋት አልወድም› ብሎ ለሰርጓጆቹ ሰፈር ደወለ።»

«ስልኩን ማን አነሳው?»

«አላውቅም። አባቴ ሰውን ሁሉ እንደ ራሱ ያይ ነበር፤ ይኸው ነው የገደለው» አለችና ቢላዋዋን እንጨቱ ላይ ሰካችው።

ማቪስ በሰርጓጆቹ ሰፈር መጀመሪያ ያገኘችው ሻማውን ወደ መልቀቂያው ቱቦ የሚያስገባውን መርከበኛ ሃላምን ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ትናንት የጠጣው ቢራ ዛሬም ይሸታል።

«የምግብ ቤቱ ስልክ ሲጮህ ያለፈ ሁሉ ያነሳዋል» አለ። «እኔ አላነሳሁም። ትናንት ማታ መጠጥ ቤት ነበርኩ፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አላስታውስም።»

«ጎበዝ! ገመዱን ራስህ አንገትህ ላይ አስገባኸው። ሻማው እንዴት ነው መጨስ የሚጀምረው?»

«በባሕር ውኃ። ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአንድ ሰፊ ፕላስተር ይሸፈናሉ። ፕላስተሩን እልጣለሁ፣ የቱቦው በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሻማውን አስገባለሁ። ተረኛው መኮንን መጥቶ ፕላስተሩን ያያል፣ ያነሳዋል፤ ከዚያ ‹ልቀቅ› ይላል። ፕላስተሩ ካልተላጠ ሻማው እንደ ጠርሙስ ቡሽ ይንሳፈፋል እንጂ አይጨስም።»

«በረዶ ሲቀልጥ የሚወርደው ውኃስ?»

«ዓመት ቢዘፈዘፍ አይነሳም። ጨው ይፈልጋል።»

«ሮስ በሞተበት ቀን ላጥከው?»

ሃላም እጆቹን ተመለከተ። «በዚያ ቀን ቀደም ሲል ለልምምድ አንድ ሻማ ለቅቀን ነበር። ሁለተኛው በጥድፊያ ነው። ፕላስተሩ በሩ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሌተና ፓስኮም አይቷል። በየቀኑ ለራሴ የምነግረው ይህንኑ ነው።»

ሌተና ሮውላንድ ፓስኮ የራሱን ሰርጓጅ ሊረከብ ቀን የሚቆጥር መኮንን ነው። ነጭ ልብሱ ላይ እድፍ አይፈልግም፤ ቢሮው ሽቶ ሽቶ ይላል። ማቪስ ስትገባ መስኮቱን ከፈተ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዓሣ ጀልባ ነው የመጡት መሰል?»

«አዎን። ክሌምን ያውቁት ነበር?»

«እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከሩቅ ነው የማውቀው። ጀልባውን እግሬ ረግጦት አያውቅም። ሃላምን ብትጠይቁት ይሻላል፤ ምስኪኑን ሰውዬ ጸጸት አሳብዶታል።» ሲላጭ የቆረጠው አገጩ ላይ ትንሽ የቁስል ፕላስተር ነበረች። እያወራ ላጣት፣ የሚጣበቀውን ወደ ውስጥ አድርጎ እጥፍ አደረጋትና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ቅርጫቱ አጠገቡ ነበር። ማቪስ ይህን አየች።

ወደ ጀልባዋ ተመልሳ የክሌምን የዝናብ ኮት ከማንጠልጠያው አወረደች። ሽማግሌው በዚያ ብርድ ያለ ኮት መግባቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲያሳስባት ነበር። ኮቱ በዓሣ ቅርፊትና በደም ተለስኗል። እየቀፈፋት እጇን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰደደች። ጣቷ አንድ ቀጭን ነገር ነካ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት አራቱን ወደቡ ላይ ሰበሰበቻቸው። የዓሣ ሣጥኖች ላይ አስቀመጠቻቸውና በወረቀት ካርቶን የታሸጉ ትኩስ የሥጋ ፓይዎች አደለች። እያንዳንዱ ካርቶን በሰፊ ፕላስተር ተዘግቷል።

«በባዶ ሆድ ክስ አልወድም። ብሉ» አለች።

ዴንዚል ፕላስተሩን ቦጭቆ ወደ ባሕር ወረወረው። ኖሪን አልከፈተችም። ሃላም ላጠና ሳያስበው አጠገቡ ያለው ምሰሶ ላይ ለጠፈው። ፓስኮ በሁለት ጣቱ ላጠ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ፤ ፓዩን አሽትቶ ወደ ጎን ገፋው።

«አመሰግናለሁ፤ አሁን እኔ ላውራ» አለች ማቪስ። «ክሌም ቀርቅረውበት ነው የሞተው፤ ቢጫው የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆሟል። ሻማውም በራሱ አልተነሳም፤ በባልዲ የባሕር ውኃ ቀድተው ነው የነከሩት። ይህን የሚያውቅ ሰው የሻማ ሰው ነው። ዴንዚል ሻማው ፈነዳ ብሎ ነው የሚያምነው፤ ኖሪንም ምን እንደተገኘ አታውቅም። ሁለት ሰው ቀረኝ።»

ሃላም ተነስቶ ቆመ። «እኔን ውሰጂኝ። እኔ ነኝ—»

«ተቀመጥ! ሰክረህ ያልሠራኸውን አትናዘዝ።» ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሸገ ነገር አወጣች። «ይህ በክሌም ኮት ኪስ ውስጥ ታጥፎ የተገኘ የሻማ ፕላስተር ነው። ውጩ አረንጓዴ የባሕር አተላ ይዟል። አተላ የሚይዘው ውኃ ላይ ብዙ ሲቆይ ነው። ሻማው ወራት ሙሉ የተንሳፈፈው ፕላስተሩ ሳይላጥ ነበር። ክሌም ያገኘው ያን ያልተላጠ ሻማ ነው። ሮስ በሞተ ጊዜ ጭስ አልወጣም።»

ኖሪን አፏን በእጇ ያዘች።

«የቱቦው በር ላይ የታየው የመጀመሪያው፣ የልምምዱ ሻማ ፕላስተር ነበር» አለች ማቪስ ወደ ፓስኮ ዞራ። «መጥተህ ማንሳት የአንተ ሥራ ነበር፤ አላነሳኸውም። ለሁለተኛው ስትጠራ ደግሞ ከሩቅ አይተህ ‹ልቀቅ› አልክ። ሃላም ተሳስቷል፤ አንተ ግን የሚሳሳትን ሰው እንድታርም ነበር የቆምከው። ክሌም ሲደውል ያነሳኸው አንተ ነህ። ማስረጃው ሲቃጠል ምስክሩም አብሮ ይጠፋል ብለህ ሄድክ። ሻማውን ለማስነሳት ይህን ፕላስተር የላጠው ሰው አጥፎ ኪስ ከትቶታል። እንደ ሃላም ያለው ፕላስተር ይለጥፋል፤ እንደ ዴንዚል ያለው ይጥላል። እያጠፈ ኪሱ የሚከት የሚቆጣጠር መኮንን ብቻ ነው።»

«ልማድ ማስረጃ አይሆንም» አለ ፓስኮ። ድምፁ ግን ሳስቷል።

«ልክ ነህ። ግን ሲያጥፉት የሚጣበቀው ገጽ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ የነካውን ጣት ይዞ ይቀመጣል። ስንከፍተው የአውራ ጣት አሻራ አገኘን። የፓይ ካርቶንህን ስለተውክልን ደግሞ እናመሰግናለን።»

ፓስኮ ሽቶ የነካውን መሐረብ አውጥቶ አፉን ጠረገ። «ለአንድ ሰካራም ዓሣ አጥማጅ ስም ብዬ መርከቤን ልጣ?»

«ሮስ ጠጥቶ አያውቅም» አለች ኖሪን።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች ማቪስ። «የክሌምን ኮት ለምን ለበስክ?»

ጥያቄው ሞኝነት መስሎት ትከሻውን ነቀነቀ። «ዓሣው ልብሴን እንዳይነካው። አውልቅልኝ አልኩት፣ አወለቀልኝ።»

«ከዚያ በሩን ዘጋህበት። ሲያንኳኳ ሰምተሃል?»

«ትንሽ ነው ያንኳኳው።»

ማቪስ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አንስታለች፤ አስመልሷት ግን አያውቅም። ያን ቀን ወደቡ ጫፍ ሄዳ ባሕሩ ላይ አስመለሰች። ስትመለስ የፓስኮን እጅ በካቴና አሰረች፣ ከዚያም እሱን የነካችበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

ሃላም ኖሪን ፊት ቆሞ ነበር። «ጉባኤው ላይ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ። የልጁ እናት ባለችበት።»

ኖሪን አላየችውም። «ተናገር» አለች ብቻ። ከዚያ ማቪስ ለማስረጃ የያዘችውን የአባቷን ኮት ዳሰሰች።

«ሳጅን፣ ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ መልሱልኝና ባሕር ልጣለው» አለች። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለብሶት አንድ ቀን ቆሽሾ አያውቅም ነበር።»