ከድልድዩ እስከ ችግኝ ጣቢያው

ቅዳሜ ግንቦት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሰባተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ መምህር በዳሳ፣ የተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ታረቀኝ፣ የክፍሉ ጸሐፊ ጽጌረዳ ዓምሃ እና ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ተገኝተዋል። ደሳለች ዳኜ አልተገኘችም።

ጽጌረዳ ይህን በቃለ ጉባኤው ደብተር ላይ ጽፋ ቀና አለች። ሁሉም እንጦጦ ላይ የችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ውለው ገና መመለሳቸው ነበር። ጫማቸው ቀይ አፈር ለብሷል።

«ስትቀር ሦስተኛ ቅዳሜዋ ነው» አለ ታረቀኝ። «ምክንያቷስ? ትንፋሽ ያጥረኛል። ዳገት ላይ ትንፋሹ የማያጥረው ማን ነው?»

«ኩንታል ሆና እንዴት ትተንፍስ!» አለ መሸሻ ከኋላ።

ክፍሉ ሳቀ። ጽጌረዳም ፈገግ አለችና ወዲያው አፈረች።

«አትሳቁ» አለ ታረቀኝ። «አገሩ ድርቅ ላይ ነው። እኛ ስኳር ካየን ሦስት ሳምንት አልፎናል። እሷ ግን ባንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነች። እናቷ የት ነው የሚሠሩት?»

«ኅብረት ሱቅ!» አሉ ብዙዎች ባንድ ድምፅ።

«እኔ ምንም አላልኩም። ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

መምህር በዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው በሌለበት ሂስ አይካሄድም» አሉ፣ መስኮቱን እያዩ።

«እንግዲያው ይጣራ። ጓድ ጸሐፊ ከሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። ያየችውን ጽፋ፣ ፈርማ ሰኞ ታምጣ። ወረቀቱ ወደ ቀበሌ ይሄዳል። አይታ የምትሸፍን ከሆነ ደግሞ...»

«ተባባሪ ናት» አለ መሸሻ።

ጽጌረዳ ይህንንም ጻፈች። ባለፈው ዓመት ስኳርና እህል በራሽን ከሚያከፋፍለው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጮች አንዱ እንዲህ ባለ አንድ ወረቀት ተይዘው ሄደው እስካሁን አልተመለሱም።

ለማንም ያልነገረችው ነገርም ነበራት። ሁለት ጊዜ በዕረፍት ሰዓት ደሳለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ከተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ነጭ ነገር አውጥታ አፏ ውስጥ ስትጨምር አይታታለች። «ምንድነው?» ስትላት «ምንም» ብላ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ደበቀችው። ስኳር ነው። ሌላ ምን እንዲህ ይደበቃል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጽጌረዳ ድልድዩ አጠገብ ከተከመረው የባሕር ዛፍ አጣና ኋላ ቆማ የደሳለችን ግቢ ትጠብቅ ጀመር። ብዙ አልቆየችም። በሩ ተከፈተና ደሳለች በዚያ ፀሐይ ጋቢ ለብሳ ወጣች። ከጋቢው ሥር አንድ ነገር ይዛለች። ግራና ቀኝ አየችና በሽሮ ሜዳ በኩል ዳገቱን ያዘች።

«ያዝኩሽ» አለች ጽጌረዳ በልቧ።

ደሳለች የመጀመሪያው የመብራት ምሰሶ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን ምሰሶው ላይ አሳርፋ አጎነበሰች። እንደገና ሄደች፤ እንደገና ቆመች። ጽጌረዳ ስንት ጊዜ እንደቆመች በጣቶቿ ትቆጥራለች። አምስተኛው ላይ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል ከሩቅ ይታይ ነበር። ስምንተኛው ላይ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ትወና ነው» ብላ አሰበች ጽጌረዳ። ከዚያ ግን ዙሪያውን አየች። መንገዱ ጭር ብሏል። ታዲያ የምትተውነው ለማን ነው?

አሥራ አራተኛው የችግኝ ጣቢያው አጥር ሥር ነበር። ደሳለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከጋቢዋ ሥር የውኃ ጠርሙስ አወጣች። ያ ወረቀትም ወጣ።

«ስኳሩን አምጪው!» ጽጌረዳ ከኋላዋ ደረሰች።

ደሳለች ደነገጠች፤ አልሸሸችም። መሸሽ የምትችልም አትመስልም። ወረቀቱን ዘረጋችላት። ጽጌረዳ አንዱን ነጭ ነገር አንሥታ ምላሷን አስነካችው። መረራት።

«ጣፈጠሽ?» አለች ደሳለች፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሰች። «ማን ላከሽ? ታረቀኝ?»

ጽጌረዳ ምሬቱን መሬት ላይ ተፋች።

«የአስም ኪኒን ነው። ደረቴን ይከፍተዋል፤ ግን ያስርበኛል። ፊቴንም የነፋው እሱ ነው። ባለፈው ክረምት ልክሳ ብዬ ጣልኩት። ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ።»

«እሺ፣ አስሙስ ይሁን። ውፍረት ከትንፋሽ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ሐኪሙ ሲነግረኝ እኔም እንዳንቺ ነበር ያልኩት። ሆድ ላይ ያለው ስብ ሳንባን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንባው ሙሉ አይነፋም። አስሙ ሲነሣ በጥበት ላይ ሌላ ጥበት ነው። ሲብስብኝ አልራመድም፤ ካልተራመድኩ እወፍራለሁ፤ ስወፍር ደግሞ ይብስብኛል። ‹በየቀኑ ቀስ ብለሽ ዳገት ውጪ፣ ሲደክምሽ ቁሚ› አለኝ።» ድንጋዩ ላይ በከሰል የተሰመሩትን መስመሮች አሳየቻት። «የቆምኩትን እጽፋለሁ። ከእናንተ ጋር ዶማ ይዤ ስንት ጊዜ ልቁም? መሸሻ እየቆጠረልኝ?»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«እንዴ! ሳንባዬን ያመኛል ብል ምን የሚሉ ይመስልሻል? ሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ይተላለፋል ይላሉ። እማዬ እህል ነው የምትሰፍረው። ማን ከእጇ ይቀበላል? ኩንታል ይበሉኝ፣ በቃ።»

ጽጌረዳ ብቻዋን ወረደች። ማመን ፈልጋለች፤ ግን አሳማኝ ወሬ ታረቀኝም ያውቃል። ደሳለች ተዘጋጅታበት ቢሆንስ?

ቤቷ ገብታ የእናቷን መቀነት ከሣጥን አወጣች። ከጎድን አጥንቷ ሥር ጀምራ ሆዷን ጥብቅ፣ ጥብቅ አድርጋ ጠመጠመችው። ከላይ ሹራብ ለበሰችና ወደ ድልድዩ ተመለሰች። ዳገቱን በየቀኑ ትሮጥበታለች። አሁን ግን አየሩ ደረቷ አፋፍ ላይ እየደረሰ ይመለሳል፤ ወደ ታች የሚገባበት ቦታ የለም። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ተዝለፍልፋ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑ አንድ ጎሚስታ ከበራቸው።

«ምንም፤ እየቆጠርኩ ነው።»

እሳቸው ሳቁ። እሷ ግን መቀነቱን ፈታች። ደሳለች የምትፈታው መቀነት የላትም።

ስትመለስ የደሳለች እናት እትዬ ገበያነሽ በራቸው ላይ ልብስ ያሰጣሉ። የለበሱት ቀሚስ ሰፍቷቸው ወገባቸው ላይ በገመድ አሥረውታል። አምና ልካቸው ነበር።

«ጽጌ፣ ግቢ እንጂ፤ ደሲ አሁን ትመጣለች። ምሳ ብሉ፤ የኔ ድርሻ አለ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በልቻለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ልብሱ መልሰው።

እንዳልበሉ ጽጌረዳ አወቀች። ከኅብረት ሱቅ የሚሰርቅ ሰው ቀሚሱን በገመድ አያሥርም።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። አንዱን ወረቀት «አስም» ብላ ጀምራ፣ የደሳለች ምስጢር ነውና ቀደደችው። ሁለተኛውን «ምንም አላየሁም» ብላ ጀመረችና ያንንም ቀደደችው። ያየችው አለ። ሦስተኛውን በጥንቃቄ፣ ፊደል በፊደል ጻፈችው።

«እሑድ ግንቦት 4 ቀን ደሳለች ዳኜን ሳታውቅ ተከትያታለሁ። ከድልድዩ እስከ ችግኝ ጣቢያው አሥራ አራት ጊዜ ቆማለች። የሚያያት ሰው አልነበረም። ወረቀት ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር ቀምሻለሁ፤ መድኃኒት ነው። ስኳር አላየሁም። እናቷ ከአምና ከስተዋል። የሚጠራጠር ሰው ሆዱን በመቀነት ጥብቅ አድርጎ ዳገቱን ይሞክረው። እኔ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ቀርቻለሁ።»

«ተባባሪ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ነበር። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈችና ፈረመች።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ለመምህር በዳሳ ሰጠች። ሁለት ጊዜ አንብበው ኪሳቸው ከተቱት፤ ወደ ቀበሌ አልሄደም። ታረቀኝ ለአንድ ወር ያህል አላናገራትም። ቅዳሜ ግንቦት 10 ቀን ጽጌረዳና ደሳለች ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ቀድመው ተነሥተው ወደ እንጦጦ ወጡ። ከድልድዩ እስከ ችግኝ ጣቢያው አሥራ ሦስት ጊዜ ቆሙ።